ያልቀላው ብልቃጥ

ሰው መለካት ይወዳል። እህሉን በቁና ይሰፍራል፤ መሬቱን በጥማድ ይቆጥራል፤ ጨርቁን በክንድ ይለካል። መንገዱን እንኳ "የግማሽ ቀን ነው" ብሎ ይለካዋል። እህልና መሬት፣ ጨርቅና መንገድ ግን በዓይን የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ሙግት ቢነሳ ቁናው ይመጣና ይሰፈራል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሐዘንን ስፈሩ ብንባልስ? አልታዘዝ ያለ እግር በምን ቁና ይሰፈራል? የሚንቀጠቀጥን እጅ አይቶ "ከዚህ ሰው የጎደለው ምንድነው? ስንትስ ነው የጎደለው?" ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

የዛሬው ጨዋታችን ይህንን ስለጠየቁ ሰዎች ነው። ጠይቀው ብቻ አልቀሩም፤ ለኩት። የለኩት ነገር አንጎል ውስጥ ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ፣ በዓይን የማይታይ ኬሚካል ነው። ዶፓሚን ይባላል። የዶፓሚን መለካት የአንድን በሽታ ታሪክ ለሁለት ከፍሎታል፤ ከመለካቱ በፊትና ከተለካ በኋላ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው የታወቀ ነው። ሆክስተን በሚባል የለንደን ሰፈር ይሠራ የነበረ ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ ሐኪም በ1817 ስለሚንቀጠቀጡ ሰዎች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የገለጻቸው ህሙማን ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስቱንም በወጉ አልመረመራቸውም፤ አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው። ያየውን ግን አስተካክሎ አየ። እጃቸው ሥራ ሳይዝ ይንቀጠቀጣል፤ ወገባቸው ወደፊት ይጎብጣል፤ እርምጃቸው ሳያስቡት ወደ ሩጫ ይለወጣል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በሽታውን በፓርኪንሰን ስም ጠራው። ስም ተገኘ ማለት ነው። ምክንያቱ ግን አልተገኘም።

ስም ማውጣት እኮ ቀላል ነው። "እርጅና ነው" ማለትም ስም ማውጣት ነው። "እርግማን ነው"፣ "ዓይን ነው"፣ "ሲጠጣ ኖሮ ነው" ማለትም እንደዚያው። ጎረቤት ስም ካወጣ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም፤ በሽተኛው ስሙን ተሸክሞ ይቀመጣል። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ከፓርኪንሰን በኋላ አንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል ከጎረቤት ብዙም አልተሻሉም። ከዕፅዋት የተገኘ፣ መንቀጥቀጡን ጥቂት የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጡ ነበር። ምን ጎደለ ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። መልስ እንዲኖራቸው መጀመሪያ መለኪያ መኖር ነበረበት፤ ከመለኪያው በፊት ደግሞ የሚለካ ነገር መኖሩ መታወቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብዙ ሊቃውንት ነርቭ ለነርቭ የሚነጋገረው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1921 ኦስትሪያ ውስጥ ግራዝ በተባለች ከተማ ኦቶ ሎዊ የተባለ ሳይንቲስት ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን አወጣና ጨዋማ ውሃ ውስጥ አደረጋቸው። የአንደኛውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካው የልቡ ምት ቀዘቀዘ። ይሄማ የታወቀ ነው። ከዚያ ይህ ልብ የነበረበትን ውሃ ቀድቶ ወደ ሁለተኛው ልብ አዛወረው። ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ቀዘቀዘ! ውሃው ውስጥ የቀረ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ። ሎዊም በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መልእክተኛው መኖሩ ታወቀ። መጠኑስ? እዚህ ጋ ነው አልቅት የምትመጣው። አዎ፣ ያቺው የውሃ አልቅት፣ ከብቶቻችን ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ የምናውቃት። የአልቅት የጀርባ ጡንቻ አሴቲልኮሊን ሲነካው ይኮማተራል። ኤሰሪን የሚባል መድኃኒት ሲጨመርበት ደግሞ አሴቲልኮሊኑ ቶሎ እንዳይፈርስ ስለሚያደርገው ጡንቻው እጅግ ንቁ ይሆናል፤ በመቶ ሚሊዮኖች እጅ ውሃ የቀጠነ አሴቲልኮሊን እንኳ አያመልጠውም። ሥራው እንዲህ ነው፦ ጡንቻው ፈሳሽ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ጫፉ ከአንዲት ዘንግ ጋር ይታሰራል፣ ዘንጓ ጥላሸት የተቀባ የሚዞር ወረቀት ላይ ትጭራለች። መጀመሪያ መጠኑ የታወቀ አሴቲልኮሊን ይጨመርና ጭረቱ ይታያል። ቀጥሎ መጠኑ ያልታወቀው ናሙና ይጨመራል። ሁለቱ ጭረቶች እኩል እስኪሆኑ ድረስ እያቀጠኑ፣ እያወፈሩ ይሞክራሉ። ሲተካከሉ መጠኑ ታወቀ ማለት ነው። ገበያ ላይ ሚዛን በድንጋይ እንደሚስተካከለው ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ሚዛኗ አልቅት መሆኗ ነው።

ይህንን የአልቅት ሚዛን ይዞ ለንደን የገባው ቪልሄልም ፌልድበርግ ነበር። እንዴት ገባ ቢሉ፣ በ1933 አይሁዳዊ በመሆኑ ከበርሊን ሥራው ስለተባረረ ነው። ዴል ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀበለው። እዚያም በሁለት ሦስት ዓመታት ውስጥ አሴቲልኮሊን በሰውነት ውስጥ የት የት እንደሚገኝ በአልቅት እየተለካ ታወቀ። ሎዊስ? በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ታሰረ። የተለቀቀው የኖቤል ገንዘቡን ለእነርሱ ካስረከበ በኋላ ነው፤ ባዶ እጁን ተሰደደ። ይህንን የማነሳው ለሐሜት አይደለም። የአንጎልን ኬሚካል የመለካት ጥበብ ከአገር አገር የተዛመተው በአብዛኛው በስደተኛ ሻንጣ ስለሆነ ነው። ወደፊትም ሁለት ስደተኞች ይገጥሙናል።

የአልቅት ጡንቻ ለአሴቲልኮሊን እንጂ ለሁሉም አይሆንም። እያንዳንዱ መልእክተኛ የራሱን ሚዛን ይፈልጋል። ለምሳሌ ሴሮቶኒን በአጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥ መኖሩን ቤቲ ትዋሮግና አርቪን ፔጅ በ1953 ያሳዩት በባሕር ዛጎል ልብ ለክተው ነው። ዶፓሚን ግን ማንም ሚዛን ያላበጀለት ምስኪን ነበር። ለንደን ውስጥ በ1910 በሰው እጅ ተሠርቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን "ወደ ኖርአድሬናሊን ሲኬድ መንገድ ላይ የሚታለፍ ጣቢያ" ተደርጎ ተቆጠረ። የራሱ ሥራ አለው ብሎ የጠረጠረ ብዙ አልነበረም። የማይለካ ነገር ደግሞ የሚያስታውሰው የለም።

ሚዛኑ የመጣው ከብርሃን ነው። አንዳንድ ኬሚካሎች የተወሰነ ቀለም ያለው ብርሃን ሲያርፍባቸው መልሰው የሌላ ቀለም ብርሃን ይረጫሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ቤተስዳ በሚገኘው የአገሪቱ የጤና ተቋም ሮበርት ቦውማን ይህንን የሚረጭ ብርሃን አጣርቶ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። በዚያው ተቋም የበርናርድ ብሮዲ ቡድን በመሣሪያው ተጠቅሞ አንድ አስገራሚ ነገር አየ። ሬሰርፒን የሚባል መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ አንጎሉ ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን ተሟጥጦ ያልቃል። ሬሰርፒን ሕንዶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠቀሙበት ከኖሩት ሥር የተገኘ ነው። ለደም ግፊትና ለአእምሮ ህመም ይታዘዝ ነበር። ከሚወስዱት ሰዎች መካከል ግን ልክ እንደ ፓርኪንሰን በሽተኛ መንቀጥቀጥና መገተር የጀመራቸው ነበሩ። ነገሩ እዚህ ላይ ይያዝልን።

ለጥቂት ወራት ብሮዲ ጋ ሙያ ሊማር የሄደ አርቪድ ካርልሰን የተባለ ስዊድናዊ ነበር። ወደ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ያንኑ መሣሪያ ገዛ። በ1957 ለጥንቸሎች ሬሰርፒን ሰጠ። ጥንቸሎቹ ጆሯቸው ወድቆ፣ እንደ ድንጋይ ደርቀው ተቀመጡ። ቀጥሎ ኤል ዶፓ የሚባል፣ ሰውነት ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ነገር ወጋቸው። ብዙም ሳይቆዩ ጥንቸሎቹ ተነሱ፣ ጆሯቸው ቆመ፣ ወዲያ ወዲህ አሉ!

ልብ በሉ፣ ጥንቸል ተነሳች ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። "ያነሳት ኖርአድሬናሊን ነው" ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ኤል ዶፓ ወደዚያም ይለወጣልና። የሚፈርደው ልኬቱ ነው። በዚያው ዓመት ካትሊን ሞንታጉ የተባለች የእንግሊዝ ተመራማሪ ዶፓሚን አንጎል ውስጥ መኖሩን አመልክታ ነበር። ካርልሰንና ጓደኞቹ በ1958 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ቁጥሩን አስቀመጡ። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን አለ፤ ሬሰርፒን ያሟጥጠዋል፤ ኤል ዶፓ ይመልሰዋል። ኖርአድሬናሊኑ ግን እንስሳቱ ሲነሱም እንደተሟጠጠ ነው። በ1959 እዚያው ሉንድ ውስጥ በርትለርና ሮዘንግሬን ዶፓሚን የተከማቸው እንቅስቃሴን በሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል፣ ስትሪያተም በሚባለው ውስጥ መሆኑን ለክተው አሳዩ። የሚታለፈው ጣቢያ ራሱ መድረሻ ሆኖ ተገኘ።

ታላላቆቹ አመኑ? የለም። በመጋቢት 1960 ለንደን ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ካርልሰን ይህንን ሲያቀርብ፣ የዘርፉ አንጋፋዎች፣ ዴልን ጨምሮ፣ በጥርጣሬ ተቀበሉት። ትናንት ብልጭታ ሳይሆን ኬሚካል ነው ብለው የተከራከሩት ሰዎች ዛሬ አዲሱን ኬሚካል በጎሪጥ አዩት። ነገሩ እኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ለመጪው መጠጋት ይከብደዋል።

አሁን ከጥንቸል ወደ ሰው እንሂድ። ኦሌህ ሆርኒኪየቪች የተወለደው በ1926 ዛሬ ዩክሬን በሆነው የሊቪቭ አካባቢ ነው። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ ቪየና ገባ፤ እዚያው ሕክምና ተማረ። በ1956 ለተጨማሪ ጥናት ኦክስፎርድ ሲሄድ የተቀበለው ሄርማን ብላሽኮ ነበር፤ እሱም ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ነው። ዶፓሚን የራሱ ሥራ ሳይኖረው አይቀርም ብለው ከጠረጠሩት ጥቂቶች አንዱ ብላሽኮ ነበርና ወጣቱን "እስቲ እሱን አጥና" አለው። የነገርኳችሁ ሁለቱ ስደተኞች እነዚህ ናቸው።

ሆርኒኪየቪች ቪየና ተመልሶ የነበርትለርን ጽሑፍ ሲያነብ አንድ ሐሳብ መጣለት። ዶፓሚን ያለው እንቅስቃሴን በሚገዛው ክፍል ከሆነ፣ እንቅስቃሴያቸው በተበላሸ ሰዎች አንጎል ውስጥ ለምን አንለካውም? ከሕያው ሰው አንጎል ግን ተቆርሶ አይለካም። ስለዚህ ሄርበርት ኤሪንገር ከተባለ ወጣት ሐኪም ጋር ሆኖ ከ1959 ጀምሮ የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሰበሰበ። ጤነኛ አንጎል የነበራቸው 17 ሰዎች። የሃንቲንግተን በሽታ የነበረባቸው ሁለት። ምክንያቱ ያልታወቀ የእንቅስቃሴ ችግር የነበረባቸው ስድስት። ፓርኪንሰን የነበረባቸው ስድስት።

ያንን የአሜሪካ የብርሃን መሣሪያ አልተጠቀመም። የተጠቀመው ኦይለርና ሃምበርግ በ1949 ያወጡትን፣ በአዮዲን የሚሠራ የቀለም ዘዴ ነው። ከአንጎሉ ቁራጭ የተጣራው ፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ አዮዲኑ ይጨመራል፤ ዶፓሚን ካለ ፈሳሹ ይቀላል፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናል። ብዙ ካለ ብዙ፣ ጥቂት ካለ ጥቂት። የጤነኞቹ ስትሪያተም ብልቃጥ ሮዝ ሆነ። የፓርኪንሰን ህሙማኑ ብልቃጥ ግን አልቀላም፤ ብትንሹ ቀላ ቢልም ዓይን የሚይዘው አልነበረም። መሣሪያ ላይ ቁጥር ከማንበቡ በፊት በገዛ ዓይኑ አየው። ከዚያ ለካው። የፓርኪንሰኖቹ ዶፓሚን በእጅጉ ወርዷል። የሌሎቹ ህሙማን ግን እንደዚያ አልወረደም። ጽሑፉ በ1960 መጨረሻ ታተመ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስድስት የሞቱ ሰዎች። ከስድስቱም አራቱ በሽታው የጀመራቸው ከአንጎል ትኩሳት በኋላ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ተከራካሪ ቢመጣ "በስድስት ሰው ምን ይባላል?" ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ያ ብልቃጥ የተናገረው ነገር ከቁጥሩ በላይ ነው። እርግማን አይጎድልም፤ ዓይን አይጎድልም፤ እርጅናም ቢሆን "ይህን ያህል ጎደለ" አይባልም። ዶፓሚን ግን ጎደለ። የጎደለ ነገር ደግሞ ሊሞላ ይችላል። ለመቶ አርባ ዓመት ዕጣ ፈንታ የነበረ ነገር በአንድ ቀን ጉድለት ሆነ። የአንጎል በሽታ ከአንድ መልእክተኛ ኬሚካል ማነስ ጋር በልኬት ሲያያዝ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ምናልባትም ዋነኛው ነው።

ሊሞላ ይችላል ስንል ታዲያ በምን? ዶፓሚኑን ራሱን መስጠት አይሆንም፤ ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባውን በር አያልፍም። ኤል ዶፓ ግን ያልፋል። የኤል ዶፓን የትውልድ ቦታ ብነግራችሁ ሳትገረሙ አትቀሩም፤ ባቄላ ነው። ባዘል ውስጥ በአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ማርኩስ ጉገንሃይም በ1913 ኤል ዶፓን ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው። ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሁለት ግራም ተኩል ራሱ ዋጠና ክፉኛ አስታወከው። ሌላ ጥቅም አላገኘበትም። ከዚያ ኤል ዶፓ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ባቄላን በብዛት ከሚያመርቱ ግንባር ቀደም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እሸቱን እየፈለፈልን ስንበላ፣ ቅሉን ስንቆላ ከመድኃኒቱ ጋር ጎረቤት ሆነን ኖረናል፤ ምን እንደጎደለ ያልለካ ሰው ግን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቢያድርም መድኃኒቱን አያውቀውም።

በሐምሌ 1961 ሆርኒኪየቪች ቫልተር ቢርክማየር ከተባለ ሐኪም ጋር ሆኖ ቪየና ላይንዝ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ላሉ ህሙማን ኤል ዶፓ በደም ሥር ሰጡ። ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ተነሱ፤ መቆም ያቃታቸው ተራመዱ። ለጥቂት ሰዓታት። ከዚያ መድኃኒቱ ሲያልቅ ወደነበሩበት ተመለሱ። በዚያው ዓመት ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ እነ አንድሬ ባርቦ በፓርኪንሰን ህሙማን ሽንት ውስጥ ያለውን ዶፓሚን ለክተው ማነሱን በማየት፣ በራሳቸው መንገድ ወደዚያው መድኃኒት ደርሰው ነበር። ቀጥሎ በየቦታው የተደረገው ሙከራ ግን አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱ ከሸፈ፤ ብዙዎች ተስፋ ቆረጡ። በ1967 የግሪክ ተወላጁ ጆርጅ ኮትዚያስ አሜሪካ ውስጥ በትንሹ ጀምሮ ለሳምንታት ቀስ በቀስ እያሳደገ፣ በአፍ የሚዋጥ ከፍተኛ መጠን ሲሰጥ መሻሻሉ ጸንቶ ቆየ። በ1970 መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ቀጥሎም ማቅለሽለሹን የሚቀንስ ካርቢዶፓ የሚባል አጋር ተጨመረለት። ሁለቱ ተዳብለው ዛሬ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

መድኃኒቱ በሽታውን አይነቅለውም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ጉድለቱን ይሞላል እንጂ የሚሞቱትን ነርቮች አያስነሳም። ዓመታት ሲያልፉም ያለፈቃድ መወራጨት የሚባል የራሱን መዘዝ ያመጣል። ባቄላውስ? በ1992 እስራኤል ውስጥ ጥቂት ህሙማን የተቀቀለ ባቄላ በልተው ደማቸው ውስጥ ያለው ኤል ዶፓ ሲለካ ከፍ ብሎ፣ እንቅስቃሴያቸውም ተሻሽሎ ታይቷል። ነገር ግን አንዱ ባቄላ እንደ ሌላው አይደለም፤ መጠኑ አይታወቅም። አንዳንድ ሰውን ደግሞ ባቄላ ደሙን ያፈርስበታል። ስለዚህ ይህንን አንብባችሁ የአባታችሁን ኪኒን ጥላችሁ ማሰሮ እንዳትጥዱ!

አሁን ደግሞ ሚዛኑ ዛሬ የት ደረሰ? አልቅቷም የአዮዲን ብልቃጡም ጡረታ ወጥተዋል። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንሱሊንን በአንቲቦዲና በጨረር መለካት ጀመሩ። በ1971 ስቶክሆልም ውስጥ ኤንግቫልና ፐርልማን ጨረሩን በኢንዛይም ተኩት፤ ይህ ነው ኤላይዛ የሚባለው። ስሙ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ለኤች አይ ቪ የደም ምርመራ ሲነሳ ሰምተነዋል። ለዶፓሚንም ይሠራል። 96 ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ሳህን አለ። የጉድጓዱ ግርጌ ላይ ዶፓሚን ተለጥፏል። ናሙናውና ቁጥሩ የተመጠነ አንቲቦዲ አብረው ይጨመራሉ። አንቲቦዲውን ወንበሩ ውስን የሆነ ሚኒባስ በሉት፤ ከናሙናው የመጣው ዶፓሚንና ግርጌው ላይ የተለጠፈው ለወንበሩ ይጋፋሉ። ናሙናው ውስጥ ብዙ ዶፓሚን ካለ ወንበሩን እሱ ይይዛል፤ ሲታጠብም ተያይዘው ይሄዳሉ። ግርጌው ላይ የሚቀረው አንቲቦዲ ጥቂት ነው፤ ቀለሙም ጥቂት ነው። እንግዲህ ነገሩ ተገልብጧል። በቪየናው ብልቃጥ ቀለም ማለት ዶፓሚን አለ ማለት ነበር፤ በዛሬው ሳህን ቀለም የደመቀበት ጉድጓድ ዶፓሚን ያነሰበት ነው። ይህንን ያላወቀ ሰው ውጤቱን ገልብጦ ሊያነብ ይችላል።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዶፓሚን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፤ ስለዚህ ሽንቱ ለ24 ሰዓት የሚጠራቀመው አሲድ ባለበት ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ነው። ኬሚካሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ አንቲቦዲው እንዲለየው አስቀድሞ ሌላ ነገር ይቀጠልበታል። በሽተኛው ከምርመራው በፊት ሙዝና ቡና እንዲተውም ይነገረዋል። ቡና ያለመጠጣት በእኛ አገር ከባዱ የምርመራው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ከጥንቃቄው ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ የት ነው የምንለካው? ሽንት ውስጥ ያለው ዶፓሚን በአብዛኛው የሚሠራው ኩላሊት ውስጥ ነው፤ አንጎል ውስጥ ስላለው ብዙም አይነግረንም። ምርመራው የሚጠቅመው እንደ አድሬናል ዕጢ እብጠት ላሉ ሌሎች በሽታዎች ነው። የሞንትሪያሎቹ መንገድ ዕድል ያገዘው ነበር፤ የቪየናው ነው ቀጥተኛው። ሴሮቶኒንም እንዲሁ፤ ሰውነታችን ውስጥ ካለው ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ያለው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። እንግዲህ "ደምህን ልለካና ድባቴህን ልንገርህ" የሚል ነጋዴ ቢመጣ የሚለካው ሆድን እንጂ ሐዘንን አይደለም። ለዓመታት ድባቴ ማለት የሴሮቶኒን ማነስ ነው ሲባል ኖሯል፤ እነ ጆአና ሞንክሪፍ በ2022 ያሳተሙት ግምገማ ግን ለዚህ አባባል ወጥ የሆነ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። ይህ ማለት ድባቴ በሽታ አይደለም፣ መድኃኒቱም ለማንም አይረዳም ማለት አይደለም። በፓርኪንሰን የተገኘው ያ ግልጽ ብልቃጥ እዚህ አልተገኘም ማለት ነው። ያልለኩትን እንደለኩ አድርጎ መናገር በጎደለ ቁና እንደመስፈር ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር ደግሞ አይቀርም።

ስለ መስፈር ካነሳን፣ ሽልማቱንም የሰፈሩት ሰዎች ነበሩ። በ2000 ካርልሰን ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይገባዋል። ሆርኒኪየቪች ግን አልተጠራም። በ1979 ሁለቱ የቮልፍ ሽልማትን አብረው ተካፍለው ነበር፤ በ2000 አንዱ ብቻ መድረክ ላይ ወጣ። ብዙ ሳይንቲስቶች ተቃውሟቸውን በግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የተለወጠ ነገር የለም። ካርልሰን በ2018፣ ሆርኒኪየቪች በ2020 ዐረፉ። አንዱ በጥንቸል፣ ሌላው በሰው ለኩ። የማን ሥራ ይበልጣል የሚለውን ለኮሚቴዎች እንተወው። ኪኒኑን የሚውጠው ሰው የሁለቱም ባለዕዳ ነው። ስማቸው ያልተጻፈው የእነዚያ ስድስት ሙታንም ባለዕዳ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ይህ ሁሉ ልኬት ካለ፣ ዛሬ አንድ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ዶፓሚኑ ተለክቶ "ፓርኪንሰን ነው" ይባላል? አይባልም። ሐኪሙ ያያል። "እስቲ ተነሳ፣ ተራመድ፣ ዙር" ይላል። ጣቶቹን አጋጭ፣ ጻፍ ይለዋል፤ ጽሑፉ እያነሰ ይሄድ እንደሆነ ይመለከታል። ሲራመድ አንዱ እጁ መወዛወዝ ትቶ እንደሆነ ያስተውላል። ብዙ ጊዜ በሽታው የሚታወቀው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፓርኪንሰን መንገድ ላይ ባደረገው ዓይነት ነው፤ በማስተዋል። ልኬቱ የሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ የሚስተዋለው ነገር መድኃኒት እንዳለው አሳወቀ። ስለዚህ የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ሐኪም ቤት ሳይሆን እቤት ነው ያለው። የአባታችን የቡና ስኒ ሲንቀጠቀጥ፣ የእናታችን እርምጃ ሲያጥር፣ የጎረቤታችን ፊት ፈገግታ ሲያጣ "እርጅና ነው" ብለን ከማለፍ በፊት ሐኪም ጋ መውሰድ እንችላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህኛው ግን መድኃኒት ተገኝቶለታል። እንዳይደበቅ ማድረጉ የእኛ ድርሻ ነው።